የሐጸቦ ብር፤ ይታጠብ ወይስ እንዳለ ይቈይ?

ከአክሱም ከተማ ወደ ዓድዋ የሚወስደው መንገድ ሐጸቦ የሚባለውን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ይህ ሜዳ እጅግ ያማረ ይሆናል። ጤፉ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በእርሻው ዳር በትግርኛ ገልገለ መስቀል፥ በአማርኛ አደይ አበባ የሚባለው ቢጫ አበባ ይፈነዳል፤ በስተ ምሥራቅም የዓድዋ ተራሮች ጥርስ መስለው ከሰማይ በታች ተሰልፈው ይታያሉ። መንገደኛ ይህን አይቶ ብቻ ቢያልፍ አገሩን አየሁ ለማለት አይችልም። በአክሱም ዙሪያ ያለው መሬት ሀብቱን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም የያዘ መሬት ነውና። በሬውን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፥ ወይም ከዝናም በኋላ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፥ ከጠጠርና ከሥር ጋራ ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው ገንዘብ ሲያነሣ በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ያለፈው መስከረም ከሁለት ባልንጀሮቻችን ጋራ ወደዚያ አገር በሄድን ጊዜ፥ ከዚህ ሜዳ አጠገብ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ስለ አምስት የብር ገንዘቦች የተነሣ ክርክር ሰምተናል። ክርክሩ የአንድ ቤተ ሰብ ቢሆንም ጥያቄው የብዙ ሰው ስለ ሆነ፥ ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢያን ማካፈል ተገቢ መስሎናል።

ጉዞአችን ከመቀሌ ተነሥቶ በውቅሮና በአዲግራት በኩል ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቈየው ጦርነት በዚህ መንገድ አልፎአልና፥ መንገደኛ ከተራራው ውበት ጋራ የሐዘኑንም ምልክት ሳያይ አያልፍም። ቢሆንም ገበሬው ሞፈሩን አልጣለም፤ ልጆችም ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ ማየት ልብን ያጽናናል።

ከአዲግራት ወደ ዓድዋ ስንታጠፍ ደብረ ዳሞን በሩቅ ተሳለምን። ይህ ወንዶች በገመድ ተስበው የሚወጡበት ጥንታዊ ገዳም፥ ከአቡነ አረጋዊ ዝና ሌላ ለገንዘብ ታሪክ ተመራማሪዎች የታወቀበት ምክንያት አለው። በ1940 እ.ኤ.አ. በዚህ አምባ ላይ ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተው ነበር፤ ሲመረመሩም ከሕንድ በስተ ሰሜን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ገንዘቦች ሆኑ። ከሕንድ አገር የተነሣ ወርቅ ባሕር ተሻግሮ፥ ገደል ወጥቶ በትግራይ አምባ ላይ መገኘቱ የአክሱም ነጋዴዎች እስከ የት ይደርሱ እንደ ነበር ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስረዳል። ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ትልቅ ነው።

አክሱም እንደ ደረስን እንደ ማንኛውም እንግዳ በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ሐውልቶቹ ነው። ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትር የነበረው ታላቁ ሐውልት እንደ ተጋደመ ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በስፍራው ቆሞአል። በከተማው ዳር ደግሞ ገበሬዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኙት፥ በግዕዝ፥ በሳባ ፊደልና በጽርዕ የተቀረጸው የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሕፈት አለ። ይህ ድንጋይ ከተገኘበት ስፍራ ሳይነቀል በላዩ ትንሽ ቤት ተሠርቶለት በክብር ይጠበቃል። ጽሕፈቱን ጐብኝተን ስንወጣ አንደኛው ባልንጀራችን «ያገኙት ገበሬዎች ፊደሉን ሳይፍቁ መተዋቸው ምንኛ መልካም ሆነ!» አለ። ይህ ቃል ኋላ በሐጸቦ ለሰማነው ክርክር መልስ እንደሚሆን ያን ጊዜ አላሰብነውም።

የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መምታት የጀመሩት በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው፤ ያበቁትም በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በዚያ ዘመን የወርቅ ገንዘብ በስሙ ለመምታት የደፈረ መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። ወርቁ ለውጭ ንግድ ስለ ነበረ ጽሕፈቱ ብዙውን ጊዜ በጽርዕ ነው፤ ለአገር ውስጥ መገበያያ በዋለው በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዝ እየበዛ ሄደ። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በገንዘቡ ራስጌ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ በምትኩ መስቀል ተቀረጸ። እንግዲህ አገሪቱ ሃይማኖቷን የለወጠችበት ታላቅ ጉዳይ፥ ከስንዴ ፍሬ በምታንስ አንዲት ምልክት ላይ ታትሞ ይገኛል ማለት ነው። ከአክሱም ነገሥታትም አንዳንዶቹ በዜና መዋዕል የማይታወቁ፥ ስማቸው ከዚህ ገንዘብ በቀር የትም ያልተገኘ ናቸው። ከገንዘቡ ላይ ስሙ የጠፋ ንጉሥ ከታሪክም ይጠፋል።

ከዚህም ሌላ የአክሱም አንጥረኞች በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታይ ጥበብ ነበራቸው። በአንዳንዱ የብርና የመዳብ ገንዘብ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ እጅግ የሳሳ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ገንዘቡ ብር ነው፤ የንጉሡ ፊት ግን በወርቅ ጸዳል ተከብቦ ይታያል። የሐጸቦውን ክርክር ለመረዳት አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን።

በማግሥቱ በሐጸቦ ዳር ወደሚኖሩ አንድ አረጋዊ ገበሬ ቤት ተጋበዝን። ቤታቸው በድንጋይ የተሠራ፥ በአገሩ ቋንቋ ህድሞ የሚባል ነው። እመቤቲቱ ሕምባሻ ቈርሰው ሰዋ ቀዱልን፤ ቡናውም ከተፈላ በኋላ አረጋዊው «ደቀይ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና አንድ ነገር ፍረዱን» አሉ። ወዲያው እመቤቲቱ ከሙዳያቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው በመሶቡ ክዳን ላይ ዘረጉት። ከጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ አምስት ገንዘቦች ነበሩ። አራቱ እንደ ከሰል ጠቍረው፥ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ዝገት ነጥቦባቸዋል። አምስተኛው ግን እንደ አዲስ ቈርቈሮ ያንጸባርቃል።

አረጋዊው በሐምሌ ሲያርሱ ማረሻው ከአንድ ድንጋይ ሥር አምስቱንም በአንድነት እንዳወጣቸው ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ሦስት አሳብ ሆነ።

የልጅ ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያላገኘ ወጣት ነው። አምስተኛውን ገንዘብ በአመድና በሎሚ ያሸው እርሱ ነው። አንድ ነጋዴ «የሚያበራ ከሆነ እገዛለሁ» ብሎታል። የቤቱ ጣራ በክረምት ያፈሳልና ቈርቈሮ መግዛት ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ያለው አጎቱም ከምድር በታች ያለውን ማዕድን እየጮኸ የሚያመለክት መሣሪያ ልላክልህ ይለዋል። «አደይ ከዝናም የሚያድናት ነገር በእጃችን ሳለ ጥቁር ጠጠር አቅፈን የምንቀመጠው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ይህ ከስግብግብነት የመጣ ቃል አልነበረም፤ ከችግር የመጣ ነበረ እንጂ።

እመቤቲቱ መሸጡን አይወዱም፤ ማጠቡን ግን ይወዳሉ። «የአንገቴን መስቀል ለጽዮን ማርያም በዓል በአመድ አሽቼ አነጣዋለሁ። የቈሸሸ ነገር በቤት ማኖር ነውር ነው። አጥቤ አንዱን ለዚህ ሕፃን በማተቡ ላይ አንጠለጥልለታለሁ» እያሉ በእቅፋቸው ያለውን የልጅ ልጅ አሳዩን።

አረጋዊው በመጨረሻ ተናገሩ። «እኔ ንባብ አላውቅም። ነገር ግን ይህ ሰው በእርሻዬ እንግዳ ሆኖ መጥቷል፤ ዘውድ ደፍቷልና ንጉሥ ነው። ስሙ ማን ነው? ለመሸጡም ለማጠቡም በፊት ይህን ልወቅ» አሉ። እኛም ከሦስቱ አሳብ ይልቅ ይህ ጥያቄ ልባችንን ነካው። ይሁን እንጂ እርሳቸውም በመጨረሻ ወደ ማጠቡ ማዘንበላቸው አልቀረም፤ ጥቁረቱ የንጉሡን ስም ሸፍኖታልና።

እኛ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ፈራጅ ለመሆን የሚያበቃ ሙያ ስለሌለን፥ «አቦይ፥ እርስዎ ከፈቀዱ በከተማው ያለ የቅርስ ባለሞያ ይየው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም እጁን አያሳርፍበት» አልናቸው። እሳቸውም ተስማሙ። እያንዳንዱን ገንዘብ ለብቻው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለን፥ አረጋዊውና የልጅ ልጃቸው ከእኛ ጋራ በባጃጅ ተሳፍረው ወደ ከተማ ገባን።

ባለሞያው ትሑት ሰው ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ አረጋዊውን «ገንዘቦቹ የተገኙት በየትኛው እርሻ፥ በምን ያህል ጥልቀት፥ ከምን ጋራ ነው?» እያለ ጠይቆ መልሳቸውን ጻፈ። «ከየት እንደ ተገኘ የማይታወቅ ገንዘብ ምስክርነቱ ግማሽ ነው፤ አምስት አንድ ላይ መገኘታቸው ራሱ አንድ ሰው ደብቆአቸው እንደ ነበር ሊያመለክት ይችላል» አለ። ቀጥሎም ከጥቁሮቹ አንዱን በጠርዙ ይዞ፥ ፊቱን ሳይነካ፥ በማጉያ መነጽር ሥር አስቀምጦ መብራቱን በጐን አበራበት። ጥቂት ከተመለከተ በኋላ ወጣቱን ጠርቶ «እይ» አለው። በዝገቱ ስንጥቅ መካከል በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቢጫ ክር የመሰለ ነገር ያበራ ነበር። ወርቅ ነው። ወርቅ አይጠቍርምና በዚያ ሁሉ ዘመን ከጥቁረቱ በታች መልኩን ጠብቆ ኖሮአል።

ከዚያ በኋላ የታሸውን ገንዘብ ከጐኑ አኖረው። ያው ዓይነት ገንዘብ፥ ያው ዓይነት ራስ ነበረ፤ ግን ፊቱ ልሙጥ ሆኖአል፥ ከፊደላቱም አንድ እንኳ በሙሉ የሚነበብ የለም፥ ወርቁም በአንገቱ ጐድጓድ ከቀረችው ከፀጉር የቀጠነች መስመር በቀር ከአመዱ ጋራ ታጥቦ ሄዶአል። ወጣቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሁለቱን አስተያየ። ማንም አልገሠጸውም፤ ሁለቱ ገንዘቦች ጐን ለጐን ሆነው የሚናገሩት ይበቃ ነበርና።

ባለሞያው የብርን ጠባይ እንዲህ ሲል አስረዳን። ብር በአየርና በጢስ ውስጥ ከሚገኘው ድኝ ጋራ ሲገናኝ ይጠቍራል። በምድር ውስጥ ሲቀበር ደግሞ የምድሩ ጨው ገብቶበት ግራጫና እንደ ሰም የለሰለሰ ሽፋን ያበጃል። ከብሩ ጋራ የተቀላቀለው መዳብ ወደ ውጭ እየወጣ አረንጓዴውን ዝገት ይሠራል። ስለዚህ ጥቁረቱ እንደ ጭቃ ከውጭ የተለጠፈ እድፍ አይደለም፤ የገንዘቡ ገላ ራሱ ተለውጦ ነው። በብዙ ገንዘብ ላይ የፊደሉና የፊቱ ቅርጽ የሚገኘው በዚሁ በተለወጠው ሽፋን ውስጥ ስለ ሆነ፥ ሽፋኑን የገፈፈ ሰው ቅርጹንም አብሮ ይገፍፋል።

አመድና አሸዋ እንደ ሞረድ ይፍቃሉ። የሎሚ ኮምጣጣነት የመዳቡን ክፍል እየበላ ብሩን ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ እንጀራ ዓይናማ ያደርገዋል፤ ለብዙ ዘመን በምድር የቈየ ብር ደግሞ ተሰባሪ ነው። ለጌጣ ጌጥ መወልወያ ተብለው በሱቅ የሚሸጡ ፈሳሾችም ለአዲስ ብር እንጂ ለእንደዚህ ያለው አልተሠሩም። አሉሚኒየም ወረቀትና ሶዳ በሙቅ ውሃ ማድረግ የሚባለውም ዘዴ ጥቁረቱን ወደ ብርነት ቢመልሰውም ፊተኛውን ቅርጽ አይመልስለትም፤ ገጹን አፍዝዞ ይተወዋል። በአሮጌ ገንዘብ ንግድ ዘንድ እንኳ አዋቂዎቹ የታሸ ገንዘብ ዋጋው እንደሚወድቅ ያውቃሉ። እንግዲህ ወጣቱ ዋጋ ለመጨመር ያደረገው ዋጋ የሚቀንስ ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ ለዘላለም ጥቁር ሆኖ ይኑር?» ብለን ጠየቅን። ባለሞያው ሣቀና «አይደለም» አለ። «በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው በትልቅ ማጉያ መነጽር ሥር ሆኖ፥ በቀጭን እንጨትና በመርፌ ጫፍ፥ ሽፋኑን በጥቂት በጥቂቱ ሊያነሣ ይችላል። የት እንደሚቆምም ያውቃል። በአንዲት ሳንቲም ላይ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ካላስፈለገም ከነጭራሹ አይነካውም፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ መዝኖና ለክቶ በደረቅ ስፍራ ያስቀምጠዋል» አለን። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ ይታጠብ ወይስ አይታጠብ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ማን፥ በምን፥ መቼ የሚለው ነው። የታጠበውን መልሶ ማጥቈር አይቻልምና መቸኰል አያሻም።

አረጋዊው ግን ጥያቄአቸውን አልረሱም። «ንጉሡስ ማን ነው?» አሉ። ባለሞያው እንደ ገና በመነጽሩ ተመልክቶ፥ በጥቁረቱ መካከል የሚታዩት ጥቂት የጽርዕ ፊደላት አፊላስ የሚለውን ስም እንደሚያመለክቱ፥ በራሱም በላይ ጨረቃና ክብ እንዳለ ነገራቸው። «ከዒዛና በፊት የነበረ ንጉሥ ነው አቦይ፤ ክርስትና ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት።» አረጋዊው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አፊላስ፥ አፊላስ» እያሉም ስሙን እንደ እንግዳ ስም በአፋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሱት። ኋላ ወደ ቤት ተመልሰን ይህን ለእመቤቲቱ ስንነግራቸው በደረታቸው ላይ አማትበው «ጽዮን ማርያም አወጣችኝ! ጨረቃ የሚያመልከውን ሰው በሕፃኑ ማተብ ላይ ልሰቅለው ነበር» አሉና ቤቱን በሣቅ ሞሉት።

ሕጉም በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209፥ በቍፋሮም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ፥ እስኪረከቡትም ድረስ እንደ ተገኘ ጠብቆ እንዲያቈይ ያዛል፤ ላስረከበውም ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ቅርስን ለመጠገንም ሆነ ለመፈለግ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ ሊላክ የታሰበው መሣሪያ ያለ ፈቃድ በሐጸቦ ሜዳ ቢጮኽ፥ ለቤተ ሰቡ ከሀብት ይልቅ ክስ ይጠራባቸው ነበር።

መሣሪያው ራሱ ክፉ ነው ማለታችን ግን አይደለም። የያዘው ሰው አእምሮ ይወስነዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሰፎክ አውራጃ፥ ሆክስን በሚባል መንደር፥ አንድ ሰው ወዳጁ ገበሬ የጠፋበትን መዶሻ ለመፈለግ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ወደ እርሻው ወጣ። መዶሻውን ሲፈልግ የወርቅና የብር ዕቃ አገኘ። ጥቂቱን ካወጣ በኋላ ሁሉን ቈፍሮ ከማውጣትና አጥቦ ከመደርደር ይልቅ ቍፋሮውን አቁሞ ለሚመለከታቸው አስታወቀ። የታሪክ ቈፋሪዎችም በማግሥቱ ደርሰው ሀብቱን ከነአቀማመጡ አወጡት። ከ14,000 የሚበልጡ የብርና ከ500 የሚበልጡ የወርቅ የሮማ ገንዘቦች ተገኙ። የብሮቹ ጠርዝ ሳይፋቅ ስለ ቈየ፥ በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ከጠርዙ ብር እየከረከሙ ይወስዱ እንደ ነበር ሊቃውንቱ ከዚያው ላይ አነበቡ። አግኚው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸልሞ ከገበሬው ጋራ ተካፈለ፤ መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከዚያም በ1996 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር የተቀበረ ሀብት ያገኘ ሁሉ እንዲያስታውቅ የሚያዝ አዲስ ሕግ ወጣ። ያ ብር በተቀበረበት በ5ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ነገሥታትም ገንዘባቸውን ይመቱ ነበር፤ ሁለቱ ሀብቶች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህን ታሪክ ለወጣቱ በነገርነው ጊዜ ዓይኑ በራ፤ ነገር ግን «ያ እንግሊዝ አገር ነው» ብሎ መለሰልን። ቃሉ እውነት አለው፤ የዚያን ያህል ሽልማት በሐጸቦ ይገኛል ብሎ ተስፋ መስጠት ሰውን ማታለል ነው። ቢሆንም ባለሞያው በዚያኑ ቀን ለአምስቱም ገንዘቦች የአረጋዊው ስምና የእርሻው ስፍራ የተጻፈበት ደረሰኝ ሰጥቶ፥ የሽልማቱንም ጥያቄ በሕጉ መሠረት እንደሚያቀርብ አስታወቀ። አረጋዊው ደረሰኙን አጥፈው በኪሳቸው ሲያኖሩ «ጣራው እስከ ዛሬ አፍስሶ አልገደለንም፤ ንጉሡን ከሸጥን በኋላ ግን ስሙን ለማን እንጠይቃለን?» አሉ። ወጣቱም የተገኘበትን ስፍራ ለማሳየት ከባለሞያው ጋራ ወደ እርሻው ሄደ፤ አረጋዊው ምልክት ያደረጉበትን ድንጋይ ያገኘው እርሱ ነው። ይህ ነገር ከገንዘቡ ይልቅ ደስ አሰኘን።

አንባቢ «እንግዲያስ በቤታችን ያለውን ብር ሁሉ አናነጣም?» ብሎ እንዳይጨነቅ ልዩነቱን መናገር ያስፈልጋል። በአክሱም ገበያ ያነጋገርነው ብር አንጥረኛ ጠገራ ብር ሲያጥብ አይተነዋል። ጠገራው የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፥ ሚዛኑ 28 ግራም የሚያህል ነው። በላዩ የተጻፈው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በቪዬና፥ በሮማ፥ በሎንዶንና በሌሎችም ከተሞች በብዙ ሚሊዮን ሲመታ ዓመቱ አልተለወጠም። የእናት መስቀል፥ ድሪና አምባር በየበዓሉ ሲለበሱና ሲወለወሉ የኖሩ ናቸው፤ በልዝብ ጨርቅ ቢወለወሉ መልካም ነው። ከምድር የወጣ ጥንታዊ ገንዘብ ግን እንደ ተዘጋ ደብዳቤ ነው። ፖስታውን ለማንጻት ብሎ ደብዳቤውን በውሃ የሚነክር ሰው የለም።

ስለዚህ በአክሱምም ሆነ በሌላ ስፍራ እንዲህ ያለ ነገር ለሚያጋጥመው ሰው ከባለሞያው የሰማነውን ምክር በአጭሩ እናቀርባለን። አንደኛ፥ አይሹት፥ አይፋቁት፥ በሎሚም ሆነ በሳሙና አያጥቡት፤ አፈሩም ቢሆን እንዳለ ይቈይ። ሁለተኛ፥ በጠርዙ ይያዙት፤ የእጅ ላብና ቅባት ብርን ይጐዳልና። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱን ለየብቻው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው በደረቅ ስፍራ ያኑሩት፤ ሱፍና ጐማ ድኝ ስላላቸው ያጠቍሩታል፥ የሚጣበቅ ፕላስቲክም ያበላሸዋል። አራተኛ፥ የተገኘበትን ስፍራ ምልክት አድርገው፥ ቀኑንና አብሮት የተገኘውን ሁሉ ይጻፉ፤ መጻፍ የማይችል ሰው ልጁን ያስጽፍ። አምስተኛ፥ በአቅራቢያው ላለው የባህልና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳይዘገዩ ያስታውቁ፤ ሲያስረክቡም ደረሰኝ ይቀበሉ።

አገራችን ታሪኳን በመጽሐፍ ብቻ የጻፈች አገር አይደለችም። በድንጋይ ጽፋለች፥ በብራና ጽፋለች፥ ከጥፍር በማትበልጥ ብርም ላይ ጽፋለች። የድንጋዩን ጽሕፈት ፍቆ የሚያጠፋ ወይም ብራናውን በውሃ የሚያጥብ ሰው ብናይ እንጮኻለን፤ ብሩን በአመድ ሲያሹት ግን ንጽሕና ይመስለናል። ጥቁረት ሁሉ እድፍ አይደለም፤ አንዳንዱ ጥቁረት ወርቅ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጠበቀንን ገንዘብ እኛ ጥቂት ቀን ብንጠብቀው ብዙ አይደለም።